ስም መሰረዝ ይበቃ ይሆን?

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ የትናንት ውሎዎን ያስታውሱ። ጧት አውቶቡስ የጠበቁበትን ስፍራ፥ ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት የገቡበትን ሰዓት፥ ምሳ የበሉበትን ቤት፥ ማታም ከጓደኛዎ ጋር ቡና የጠጡበትን ሰፈር። አራት ቦታና አራት ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን ማን ይፈልገዋል ይሉኝ ይሆናል፤ እኔም እንዲሁ እል ነበር።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ኢቭ አሌክሳንደር ደ ሞንጆይና ሦስት ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ምዕራባዊ አገር የሚኖሩ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የእጅ ስልክ መዝገብ መረመሩ። በመዝገቡ ውስጥ ስም የለም፥ የስልክ ቁጥርም የለም፤ ያለው ስልኩ በየትኛው ሰዓት በየትኛው አንቴና አጠገብ እንደ ነበረ ብቻ ነው። ሆኖም ከመቶው 95ቱን ሰዎች እያንዳንዳቸውን ከሌላው ሁሉ ለመለየት አራት ቦታና ሰዓት በቃ። ያውም ጊዜው በደቂቃ ሳይሆን በሙሉ ሰዓት ተቈጥሮ፥ ቦታውም የቤት ደጃፍ ሳይሆን የአንቴናው ክልል ሆኖ ነው!

ምክንያቱን ለማስተዋል የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። ከእርስዎ ጋር በአንድ አውቶቡስ የሚሳፈር ብዙ ነው፤ ከእነዚያ መካከል በቢሮዎ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹም መካከል ማታ ያን ሰፈር የሚረግጥ ከእርስዎ በቀር ላይገኝ ይችላል። እንግዲህ አራቱን የሚያውቅ ሰው፥ አለቃም ይሁን ጎረቤት ወይም ቅናት የያዘው ወዳጅ፥ መዝገቡ እጁ ከገባ የቀረውን የ15 ወር ውሎ ያገኛል፤ ሐኪም ዘንድ የሄዱበትን ቀን ሳይቀር።

በ2017 የጎግል እኅት ኩባንያ የሆነው ሳይድዎክ ላብስ በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ ሐይቅ ዳር፥ የመንገዱን እንቅስቃሴ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች የሚተከሉበት አዲስ ሰፈር ለማቀድ ተመረጠ። አማካሪ የነበሩት ዶክተር አን ካቩኪያን፥ ማንነትን የሚገልጠው ነገር ገና ከምንጩ እንዲጠፋ ጠየቁ። ሌሎች ኩባንያዎች በዚህ እንደማይገደዱ በተረዱ ጊዜ በ2018 ሥራቸውን ለቀቁ። ኩባንያውም በ2020 የኤኮኖሚውን አለመረጋጋት ምክንያት አድርጎ ዕቅዱን ተወው። የዶክተሯን አቋም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ስሙ ከምንጩ ቢጠፋ እንኳ ቦታውና ሰዓቱ እስከ ቀሩ ድረስ፥ ሰውየው ከመዝገቡ ወጥቷል ለማለት አልደፍርም።

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። እርስዎ በመዝገብ ቤት የሚሠሩ ከሆነ፥ ነገ አንድ ሰው መጥቶ፥ «ስሙን ሰርዘህ ዝርዝሩን ብቻ ስጠኝ» ሊልዎ ይችላል። ከመስጠትዎ በፊት ቀኑና ሰፈሩ በውስጡ እንዳለ ይመልከቱ።