ለሴፍቲኔት እህል ውል የሚጽፈው ማነው?

በተልተሌ፣ በያቤሎም ሆነ በነጌሌ ገበያ ስለ በቆሎ ዋጋ ሲወራ የሚነሡት ነገሮች ይታወቃሉ፤ ዝናቡ፣ ናፍጣው፣ የመኪናው ኪራይ፣ የሞያሌ መንገድ። የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ በዚህ ወሬ ውስጥ ቦታ የለውም። መኖር ግን ነበረበት። ለመንግሥት እህል፣ መኖ ወይም የውኃ ቦቴ አቅርቦ የሚያውቅ ነጋዴ ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ከብቱ በሚሊዮን ተቆጥሮ አለቀ። የከብት ደላላው ሥራ ፈታ፤ የእህልና የመኖ ነጋዴው በአንጻሩ ትልቅ ደንበኛ አገኘ፤ መንግሥትን። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም ቢሆን፣ የአደጋ ጊዜ እርዳታውም ቢሆን የሚሄደው በውል ነው፤ በግዥ ውል፣ በማጓጓዣ ውል፣ በመጋዘን ኪራይ ውል። እነዚህን ውሎች መርምሮ የሚያጸድቀውና ክስ ሲመጣ ፍርድ ቤት የሚቆመው ሰው የመንግሥት ጠበቃ ነው። የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ጠበቃ ሆኖ መሥራት በአገራችን ብዙ የማይፈለግ፣ ዝናም ገንዘብም የሌለበት ሥራ ነው። ዋጋው ግን በኩንታል ላይ ተጨምሮ ይከፈላል።

በፌዴራል ደረጃ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 943 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሰጠ፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ሥልጣኑ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመለሰ። ያው ተቋም አቅም የሌላቸውን፣ በተለይ ሴቶችንና ሕፃናትን ወክሎ የመከራከር ግዴታም አለበት። ይህ በወረቀት ላይ ደስ ይላል። ወደ ወረዳ ስንወርድ ግን የዐቃቤ ሕጉን ቀን የሚበላው ወንጀል ነው፤ ስርቆቱ፣ ድብደባው፣ ግድያው። እስረኛ ያለበት መዝገብ ቀጠሮ አይጠብቅም። የመኖ ውል ግን ይጠብቃል፤ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ።

ነጋዴው የውል ዓይነት አይመርጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3131 ጀምሮ ለአስተዳደር ውል የተለየ ሥርዓት ዘርግቶለታል፤ መንግሥት እንደ ተራ ገዢ አይቆጠርም፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲል ውሉን የመለወጥና የማቋረጥ መብት አለው። በዚያ ላይ ከአስተዳደር ውል የሚነሣ ክርክር በመርሕ ደረጃ ወደ ግልግል አይሄድም፤ የ2013ቱ የግልግል ዳኝነት አዋጅም ይህን በር በመሠረቱ አልከፈተውም። ስለዚህ ሁለት ነጋዴዎች ቢጣሉ በሽማግሌ የሚጨርሱትን ነገር መንግሥትና ነጋዴ ሲጣሉ ፍርድ ቤት ይፈታዋል። በሽምግልና በሚታወቀው በቦረና ምድር ይህ ትንሽ ይገርማል!

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። እንበልና አንድ ነጋዴ 400 ኩንታል በቆሎ በ4,000 ብር ሒሳብ አስረከበ፤ 1.6 ሚሊዮን ብር መሆኑ ነው። ገንዘቡን ከባንክ በዓመት 18 በመቶ ወስዶታል እንበል። ክፍያው ስድስት ወር ቢዘገይ ለባንክ የሚከፍለው ወለድ 144,000 ብር ይደርሳል። ሕጉ ምን ይሰጠዋል? በአንቀጽ 1751 መሠረት 9 በመቶ፣ ይኸውም ለስድስት ወር 72,000 ብር። ልዩነቱ በኩንታል 180 ብር ነው። ይህም ቢሆን ነጋዴው ባለዕዳውን በጽሑፍ ካስጠነቀቀና ፍርድ ቤት ሄዶ ካሸነፈ ነው። ካላስጠነቀቀ ሙሉውን 360 ብር በራሱ ይሸከማል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብር በገበያ ተመን እንዲወሰን ተደርጎ እንደወደቀ ስናስብ 9 በመቶ ቅጣት መሆኑ ቀርቶ ለዘገየ ከፋይ ሽልማት ይመስላል።

ነጋዴው ደግሞ ሞኝ አይደለም። በሚቀጥለው ጨረታ 360ዋን ብር ዋጋው ላይ ይጨምራታል፤ ጠንቃቃው ጭራሽ አይወዳደርም፤ የቀሩት ሁለት ሦስት ሰዎች በስልክ ይነጋገራሉ። በጀቱ የተወሰነ ስለሆነ የተጨመረው ብር የሚወጣው ከተረጂው ስፍር ነው። ከብቶቿ ያለቁባት የተልተሌ እናት ስለ አንቀጽ 1751 ሰምታ አታውቅም፤ የምትከፍለው ግን እሷ ነች።

ታዲያ ዐቃቤ ሕጉ ለምን አይታረቅም? መሥሪያ ቤቱ እህሉን መረከቡ በሞዴል 19 ተረጋግጦ፣ ክፍያው የዘገየው በጀት ስላልተለቀቀ ብቻ ከሆነ፣ የሚከራከረው ስለ ምንድነው? መልሱ ቀላል ኢኮኖሚክስ ነው። ተከራክሮ ለተሸነፈ ዐቃቤ ሕግ ማንም አይቆጣም፤ ፍርድ ቤት ወሰነበት ይባላል። ታርቆ ሐሳብ ላቀረበ ግን «ከነጋዴው ምን በላ?» ይባላል። መታረቅ አደጋው የግሉ ነው፤ የመከራከር ወጪው የመንግሥት ነው። ደመወዙም ቢሆን በግል ጥብቅና ከሚያገኘው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ጎበዙ ልምዱን ያዳብርና ፈቃድ አውጥቶ ይሄዳል፤ በዓመቱ ያንኑ መሥሪያ ቤት የሚከስሰው ደንበኛ ይዞ ይመጣል። የቀድሞ ባልደረባውን ድክመት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ከሞያሌ ማዶ ኬንያም ያልተከፈለ የአቅራቢዎች ዕዳ ስለበዛባት በ2023 እ.ኤ.አ. ዕዳውን የሚያጣራ ኮሚቴ እስከ ማቋቋም ደርሳለች። አሜሪካኖች በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በተለመደው 30 ቀን ውስጥ ካልከፈለ አቅራቢው ሳይጠይቅ ወለድ እንዲታሰብለት ያዛል። አውሮፓውያንም ተመሳሳይ መመሪያ አላቸው። የእነዚህ ሕጎች ብልሃት ለነጋዴው ማዘናቸው አይደለም። ወለዱ በራሱ ስለሚቆጠር የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ለአለቃው «ዛሬ ካልከፈልን ነገ ይህን ያህል ይጨምራል» የሚልበት ቁጥር በእጁ ይኖረዋል። ክሱ ሳይመጣ ሥራው ያልቃል።

በቦረና ጉዳዩ ሌላ መልክም አለው። ቡሳ ጎኖፋ፣ ከብቱ ያለቀበትን ጎሳው መልሶ የሚያቋቁምበት የቆየ ሥርዓት፣ በቅርብ ዓመታት በኦሮሚያ ክልል በሕግ የተቋቋመ ድርጅት ሆኗል። ከአባላት መዋጮ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ይገዛል፣ ያከማቻል፣ ያጓጉዛል ማለት ነው። ድሮ ዋስትናው የጎሳው ዓይን ነበር፤ ጊደር ሰጥቶ ያጭበረበረ ሰው የትም አይደበቅም። አሁን ግን ዋስትናው ውል ነው፤ ውል ደግሞ የሚጽፈው ሰው ይፈልጋል። ክልሉ የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ሲያቋቁም የገንዘብ መጠናቸው ያነሰ የአቅርቦት ክርክሮች በእነሱ ፊት በስምምነት የሚያልቁበት መንገድ ቢታሰብ ጥሩ ነበር።

በእኔ እምነት በየወረዳው ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም፤ ገንዘቡም የለም። ያቤሎ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ማለት ነው፣ ወንጀል የማይነካ፣ የማኅበራዊ አገልግሎትና የእርዳታ ውሎችን ብቻ የሚይዝ ሁለት ሦስት ሰው ያለው ዴስክ ይበቃል። እስከ ተወሰነ ብር ድረስ በጽሑፍ ምክንያት ሰጥቶ የመታረቅ ሥልጣን ይሰጠው፤ በቅን ልቦና የታረቀ እንዳይጠየቅ ከለላ ይኑረው፤ የቆላ አበል ይከፈለው። ወጪው ከጥቂት ተሳቢ በቆሎ ላይ ከሚጨመረው የሥጋት ዋጋ ይበልጣል ብዬ አላምንም።

እስከዚያው ግን ነጋዴው የራሱን ያድርግ። እህሉን ያለ ሞዴል 19 አያራግፍ። ውሉ ላይ የክፍያ ቀን ይጻፍ፤ «በጀት ሲለቀቅ» የሚል ቃል ካየ አይፈርም። ቀኑ ባለፈ ማግስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍ፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይያዝ። ወለዱ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው።