ዘር ከልጓም ይስባል?



ልጅ በትምህርቱ ሲጎብዝ «አባቱን ወጥቶ ነው» እንላለን። ሲያስቸግር ደግሞ «ይሄ እንኳ ከእናቱ ወገን ነው» ይባላል። በየቤቱ ቡና ላይ የማይጠፋ ወግ ነው። አባባሉም አለን፤ «ዘር ከልጓም ይስባል»። ለመሆኑ ዘር የሚስበው እስከ የት ድረስ ነው? ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድምና እህት አንዱ ሲገሰግስ ሌላዋ የምትቀረውስ ለምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ትልቅ ገንዘብ ያፈሰሱ ሰዎች ቢኖሩ የእሽቅድምድም ፈረስ አርቢዎች ናቸው። የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ እነሱና ስለ ፈረሶቻቸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ሦስቱ አባቶች

በዓለም ታላላቅ ሜዳዎች ላይ ስታዩዋቸው የምትደነቁባቸው ቀጫጭን እግር፣ ሰፊ ደረት ያላቸው ፈረሶች ዝርያቸው «ቶሮብሬድ» ይባላል። ዝርያው የተገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። የማንኛውም ቶሮብሬድ የአባት ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር ከሦስት ድንጉላዎች በአንዱ ላይ ያርፋል፤ እነሱም ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አረቢያን እና ጎዶልፊን አረቢያን ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ የገቡ የምሥራቅ ፈረሶች ሲሆኑ፣ ዳርሊ አረቢያን ለምሳሌ በ1704 ከሶርያዋ ሐለብ ነው የተወሰደው። ሦስቱም የሚጠሩት በባለቤቶቻቸው ስም ነው። በእኛ አገር ልማዱ ተቃራኒ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው።

በ1791 ጄምስ ዌዘርቢ የተባለ እንግሊዛዊ የእነዚህን ፈረሶች ትውልድ መዝግቦ አሳተመ። «ጄኔራል ስተድ ቡክ» የሚባለው ይህ መዝገብ እስከ ዛሬ ይቀጥላል፤ ሌሎች አገሮችም የራሳቸውን አቋቁመዋል። ሕጉ ጥብቅ ነው። አንድ ውርንጭላ ቶሮብሬድ ተብሎ የሚመዘገበው አባቱም እናቱም በመዝገቡ ላይ ካሉ ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ የእያንዳንዱ ውርንጭላ ወላጆች በዲኤንኤ ምርመራ ይረጋገጣሉ።

እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ፈረስ አርቢዎቹ ግን ሲቆጥሩ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ዝምድናውን ነው። አንድ ታላቅ ፈረስ በአባትም በእናትም ወገን ብቅ ሲልላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ፍጥነቱ የሚጠራቀም ይመስላቸዋልና። ውጤቱ አስገራሚ ነው። በ2001 የታተመ የዘረመል ጥናት ከዛሬዎቹ ቶሮብሬዶች 95 በመቶ የሚሆኑት በአባት ሐረጋቸው ወደ ዳርሊ አረቢያን እንደሚደርሱ አሳይቷል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የሥጋ ዝምድናው እየጠበቀ መምጣቱን፣ ዝምድናው የበዛበት ውርንጭላም አድጎ ለውድድር የመድረስ ዕድሉ እንደሚቀንስ ይናገራሉ። አያቶቻችን ሰባት ቤት ቁጠሩ ሲሉ ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንድ ሳንቲም

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ወይዘሮ ፔኒ ቼነሪ በኮሎራዶ የሚኖሩ የአራት ልጆች እናት ነበሩ። አባታቸው በቨርጂኒያ ግዛት የፈረስ እርባታ ነበራቸው። አባትየው በ1960ዎቹ መጨረሻ ታመው መሥራት ሲያቅታቸውና እርባታው ሲከስር ወንድምና እህት «ይሸጥ» ቢሉም ወይዘሮ ፔኒ እምቢ ብለው ኃላፊነቱን ወሰዱ።

እርባታው ከኦግደን ፊፕስ ቤተሰብ ጋር ስምምነት ነበረው። የፊፕስ ቤተሰብ ቦልድ ሩለር የሚባል እጅግ የተከበረ ድንጉላ አለው፤ የእነ ቼነሪ ባዝራዎች በየዓመቱ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ክፍያው በገንዘብ አልነበረም። የሁለት ዓመት ውርንጭላዎችን ሁለቱ ወገኖች በሳንቲም ዕጣ ይካፈላሉ። ዕጣው የወጣላቸው ከመጀመሪያው ዓመት ውርንጭላዎች ቀድመው ይመርጣሉ፤ ያልወጣላቸው ደግሞ የቀረውን ወስደው በሁለተኛው ዓመት ቀዳሚ ይሆናሉ።

በ1969 ሳንቲሙ ሲወረወር ከሁለተኛው ዓመት ባዝራዎች አንዷ እንዳላረገዘች ታውቆ ነበር። ስለዚህ በጠቅላላው የሚካፈሉት ሦስት ውርንጭላ ሲሆን፣ ተሸናፊው ሁለቱን ያገኛል። ፊፕስ አሸነፉ። ሳምሲንግሮያል ከምትባል ባዝራ የተወለደችውን ሴት ውርንጭላ መረጡ፤ ስሟም ዘ ብራይድ ተባለ። ለተሸናፊዋ ለወይዘሮ ፔኒ የደረሳቸው የቀረው አንድ ውርንጭላና ገና በሳምሲንግሮያል ማኅፀን ያለው ጽንስ ነበር።

ጽንሱ መጋቢት 30 ቀን 1970 ተወለደ። ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለበት፣ ሦስት እግሮቹ ነጫጭ የሆኑ ወንድ ነበር። ሴክሬተሪያት ተባለ።

እንግዲህ ዘ ብራይድና ሴክሬተሪያት በአባትም በእናትም አንድ ናቸው። በወረቀት ላይ ሐረጋቸው በአንዲት ፊደል እንኳ አይለያይም። እሷ አንድም ውድድር ሳታሸንፍ ከሜዳ ወጣች። እሱ ግን 21 ጊዜ ሮጦ 16 ጊዜ አሸነፈ፤ በታሪክ ከታዩት ፈረሶች ሁሉ ታላቁ እሱ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው። እናታቸው ሳምሲንግሮያል ራሷ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ተወዳድራ ከኋላ የቀረች ባዝራ ነበረች።

ልጓሙን የያዘው እጅ

የሴክሬተሪያትን ልጓም የያዘው ካናዳዊው ሮን ተርኮት ነው። ከብዙ ልጆች ጋር ያደገ፣ ከአባቱ ጋር እንጨት ሲቆርጥ የኖረ የገጠር ልጅ ነበር። የጋላቢ ወይም የጆኪ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም በኬንታኪ ደርቢ ወንድ ፈረሶች የሚሸከሙት ጋላቢውም ኮርቻውም ተደምሮ 57 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ ጋላቢዎች ክብደታቸውን ለመጠበቅ ይራባሉ፣ በእንፋሎት ክፍል ተቀምጠው ላብ ያወጣሉ። ከዚያ ግማሽ ቶን በሚመዝን እንስሳ ጀርባ ላይ፣ አጭር እርካብ ረግጠው፣ ጎንበስ ብለው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይነጉዳሉ።

በሚያዝያ 1973፣ ከደርቢው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሴክሬተሪያት በአንድ ውድድር ሳይታሰብ ሦስተኛ ወጣ። ወሬው «የቦልድ ሩለር ልጆች ረጅም ርቀት አይችሉም» የሚል ሆነ። ጥፋቱ ወዲያው በዘሩ ላይ ተላከከ ማለት ነው። ለካስ ፈረሱ ከንፈሩ ውስጥ እብጠት ወጥቶበት ልጓሙ ያመው ነበር። እብጠቱ ፈረጠ፣ ፈረሱም ዳነ።

በግንቦት ወር በኬንታኪ ደርቢ 2 ኪሎ ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ጨረሰ። ርቀቱ በአምስት ተከፍሎ ሲለካ እያንዳንዱን ክፍል ከቀደመው ይበልጥ ፈጥኖ ነበር የሮጠው። ፕሪክነስንም አሸነፈ። ሰኔ 9 በኒውዮርክ ቤልሞንት ሜዳ ላይ 2.4 ኪሎ ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ሲጨርስ ከተከታዩ ጋር የነበረው ልዩነት 31 የፈረስ ቁመት ያህል፣ ማለትም 75 ሜትር ገደማ ነበር። ሦስቱን ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈ ፈረስ ከ25 ዓመት በኋላ የተገኘው ያን ቀን ነው። ሦስቱም ሰዓቶች እስካሁን የየውድድሩ ክብረ ወሰን ናቸው። በዚያ ቀን በእሱ ላይ የተወራረዱ ከ5,600 በላይ ቲኬቶች ገንዘባቸው አልተወሰደም። ሰዎች ለማስታወሻ አስቀሯቸው።

በዚያ ቀን መጨረሻ የወጣው ሻም የሚባል ፈረስ ነው። በደርቢውና በፕሪክነስ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። የሴክሬተሪያትና የሻም የእናታቸው አባት አንድ ፈረስ፣ ፕሪንስኪሎ ነው። የአንድ አያት የልጅ ልጆች አንዱ ቀዳሚ ሌላው መጨረሻ ሆነው ጨረሱ።

ተርኮት ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ በዚያው በቤልሞንት ከሌላ ፈረስ ላይ ወድቆ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እስከ ሕልፈቱ፣ እስከ 2025 ድረስ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ኖረ። ፈረሱን በየዕለቱ የሚያጥበው፣ የሚያበላውና የሚያረጋጋው ደግሞ ኤዲ ስዌት የተባለ የደቡብ ካሮላይና ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በኬንታኪ በቆመው ሐውልት ላይ ተርኮት ኮርቻው ላይ ተቀምጦ፣ ስዌት ደግሞ ፈረሱን ይዞ ይታያሉ።

ይህ ሐውልት መልካም ነገር ነው፤ ምክንያቱም በፈረስ ስፖርት የፈረሱ ዘር ሲጻፍ የሰዎቹ ሲረሳ ኖሯል። በ1875 በተካሄደው የመጀመሪያው ኬንታኪ ደርቢ ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። የአሜሪካ ባርነት በሕግ ካበቃ ገና 10 ዓመቱ ነበር። የፈረሱ ቅድመ አያት ስም በመዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ልጅ የአያቱ ስም የት እንዳለ የማይታወቅበት ዘመን ነበር።

የሴቶቹ ወገን

ሴክሬተሪያት ገና ሩጫውን ሳይጨርስ የአባትነት መብቱ በ32 ድርሻ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ በ190,000 ዶላር ተሸጠ፤ በጠቅላላው 6.08 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። የወይዘሮ ፔኒ አባት በዚያው ዓመት መጀመሪያ አርፈው ስለነበር ቤተሰቡ ለውርስ ግብር ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። ገዢዎቹ የጠበቁት ሁለተኛ ሴክሬተሪያት ነው። አልመጣም። ጥሩ ጥሩ ልጆች ቢወለዱለትም እሱን የሚተካ ወንድ ልጅ አልተገኘም። ብዙዎች «ዘሩ ከሸፈ» አሉ።

ይሁን እንጂ ሴት ልጆቹን ማንም በቅጡ አልቆጠራቸውም ነበር። ተርሊንጓ የምትባለው ልጁ ስቶርም ካትን ወለደች። ዊክኤንድ ሰርፕራይዝ የምትባለው ደግሞ በ1992 ቤልሞንትን ያሸነፈውን ኤ ፒ ኢንዲን ወለደች። ሁለቱም የአሜሪካ ምርጥ ድንጉላዎች ሆኑ። ከሴክሬተሪያት በኋላ ሦስቱን ውድድሮች ካሸነፉት መካከል የ2015ቱ አሜሪካን ፋሮህና የ2018ቱ ጀስቲፋይ የስቶርም ካት ዘሮች ናቸው፤ የታላቁ ፈረስ ደም የደረሳቸው በሴት ልጁ በኩል ነው።

ከጥንቱ መዝገብ ብዙ ባዝራዎች ስም እንኳ የላቸውም። «የእገሌ ልጅ»፣ «የእገሌ እህት» ተብለው ታልፈዋል። እኛም ስማችንን በአባት፣ በአያት ስንቆጥር የእናቶቻችን ስም ከሁለት ትውልድ በላይ አይዘልቅም።

ሳይንሱስ ምን ይላል? በ2010 የአየርላንድ ተመራማሪዎች ፈረስ ለአጭር ወይስ ለረጅም ርቀት እንደሚመች የሚጠቁም ዘረመል አገኙ። ምርመራው የሚሻለውን ርቀት ይናገራል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ግን አይናገርም። ስለዚህ ዘር በእርግጥ ይስባል። የእንግሊዝ አርቢዎች ያለ ዘር ይህን ዝርያ አያገኙም ነበር። ወደየት እንደሚስብ ግን ሳንቲም ከሚወረውር ሰው በላይ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። በመጀመሪያ፣ ልጆቻችሁን «ወንድምህ እኮ እንዲህ ነው» እያላችሁ አታወዳድሩ። ዘ ብራይድ ወንድሟን ባለመሆኗ ምንም ጥፋት የለባትም። ከዚህ ይልቅ ልጁ ድንገት ወደ ኋላ ሲቀር ልጓሙ የሚያመው የት ላይ እንደሆነ ፈልጉ። ዓይኑ አላይ ብሎት፣ ክፍል ውስጥ የሚያስፈራራው ልጅ ኖሮ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ አንድ ደብተር አውጡና ልጆቹ የዘር ሐረጋቸውን ይጻፉ። በአባት ወገን ሰባት ቤት ይቁጠሩ፤ በእናት ወገንም እንዲሁ። አያቶች በሕይወት እያሉ ብትጠይቋቸው ይሻላል፤ የሴቶቹን ስም የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ እነሱ ብቻ ናቸው። ከየስሙ አጠገብ ሙያቸውንም ጻፉ፤ ማን ይሸምን ነበር፣ ማን ያርስ ነበር፣ ማን ልጆች አሳደገ።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ይግጠመን።