ደኅና ሆና መጨረሻ የታየችው መቼ ነበር?

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ስለ ስትሮክና በቴሌሜዲሲን፣ ማለትም ሐኪሙና ታማሚው ተራርቀው ሳሉ ስለሚሰጠው ሕክምና እንነጋገራለን። ነገሩ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አሶሳና አካባቢዋ የሚኖረውን ቤተሰብ ይበልጥ ይመለከታል። ከቤተሰቡም ውስጥ እናትን፣ ሚስትንና እኅትን በተለይ ይመለከታል። ምክንያቱን ቀጥለን እንመልከት።

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ የሚደርስ አደጋ ነው። የደም ሥሩ በረጋ ደም ይዘጋል፤ ወይም ይፈነዳና ደሙ አንጎል ውስጥ ይፈሳል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደም ለሚፈሰው ሰው ቢሰጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ አንጎሉ በሲቲ ስካን ሳይታይ አይሰጥም። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ በ1996 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሕመም የተፈቀደ ሲሆን፣ ዛሬ በሚሠራበት ደንብ በአብዛኛው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ሰዓቱ የተገደበው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2006 በወጣ አንድ ስሌት መሠረት ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ሳያገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ነርቭ ሴሎች ይሞታሉ።

እንግዲህ ይህን ሰዓት ከመንገዱ ጋር እናስተያየው። ከአሶሳ ተነስቶ በመንዲ፣ በነጆና በጊምቢ በኩል የሚጓዝ መኪና በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ አዲስ አበባ አይደርስም። መንገዱም ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በፀጥታ ችግር በተለያዩ ጊዜያት ተቋርጦ ያውቃል። አውሮፕላኑም የራሱ ሰዓትና ዋጋ አለው። የአገራችን የነርቭ ሐኪሞች ደግሞ አብዛኞቹ የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። ታማሚውን ወደ ሐኪሙ ማድረስ ካልተቻለ የሐኪሙን ዓይንና ጆሮ ወደ ታማሚው ማምጣት ያስፈልጋል። የቴሌሜዲሲን ሐሳብ ይኸው ነው።

ሐሳቡ ለምዕራቡ የአገራችን ክፍል እንግዳ አይደለም። የሕንዱ ፕሬዚዳንት ዶክተር አብዱል ከላም እ.ኤ.አ በ2004 ያቀረቡት የአፍሪካ የመገናኛ መረብ ዕቅድ መጀመሪያ የተሞከረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ በ2007 የጥቁር አንበሳና የነቀምት ሆስፒታሎች ሕንድ ሃይደራባድ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። ነቀምት ማለት ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሚያልፍባት ከተማ ናት። ለስትሮክ የሚሰጠውን የርቀት ሕክምና ደግሞ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ በ1999 «ቴሌስትሮክ» የሚል ስም ሰጥተውታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ታማሚው በቅርብ ሆስፒታል ይተኛል፤ የሲቲ ስካኑ ምስል ይላካል፤ ስፔሻሊስቱ በቪዲዮ ታማሚውን ያያል። «ፈገግ በል፣ ሁለት እጅህን አንሳ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ድገም» ይላል። ከዚያም ምን መደረግ እንዳለበት ለአካባቢው ሐኪም ይነግረዋል። የሚያሟሟው መድኃኒት ውድና በአገራችን በጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኝ ቢሆንም ምክሩ ከንቱ አይሆንም። ግፊቱ እንዴት ይያዝ፣ ምግብ መቼ ይጀመር፣ ሳንባው እንዳይታመም ምን ይደረግ የሚለው ሁሉ ሕይወት ያተርፋል።

ስክሪኑ ወንድና ሴት አይለይም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? በስትሮክ ሕክምና በኩል ልዩነት መኖሩ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ በ2009 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንተና ሴቶች የሚያሟሟውን መድኃኒት የማግኘት ዕድላቸው ከወንዶች በ30 ከመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ በ2020 የታተመው ተከታዩ ትንተና ልዩነቱ ወደ 13 ከመቶ መጥበቡን አመለከተ። ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ይህ የሆነው መሣሪያው በሞላበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ስክሪኑ ቢተከል ልዩነቱን አብሮ እንዳይተክለው ምን እናድርግ?

በስክሪኑ ላይ ያለው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ደኅና ሆና መጨረሻ የታየችው መቼ ነበር?» የ4 ሰዓት ተኩሉ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያች ደቂቃ ነው። መልሱን ማሽን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። ሴቲቱም ብዙ ጊዜ የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አባወራው ምሳ ላይ እጁ ዝሎ ጉርሻው ቢወድቅበት ሚስቱ ወዲያው ታያለች፤ ሰዓቱንም ታውቀዋለች። እርሷ ግን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ስትወድቅ ማን ያያል? ሴቶች በዕድሜ ከባሎቻቸው ስለሚሰነብቱ ሕመሙ ብቻዋን በምትኖር ባልቴት ላይ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ምልክቱም ያዘናጋል። እንደ ወንዱ ፊቷ ይጣመማል፣ ክንዷ ይዝላል፣ ንግግሯ ይተሳሰራል። ከዚህ ጋር ግን ግራ መጋባት፣ ድካምና ራስ መሳት በሴቶች ላይ በብዛት እንደሚታዩ ተመዝግቧል። ቤተሰቡም «ደክሟት ነው»፣ «ምች ነው»፣ «ጂን ነው» ይላል። እርሷም «ትንሽ ጋደም ልበል፣ ይለቀኛል» ትላለች። ከዚያ ባል ከገበያ እስኪመለስ ይጠበቃል፤ ገንዘቡም መኪናውም የእርሱን ቃል ይጠብቃሉ። በዚህ መካከል ሰዓቱ ያልቃል።

ሕመሙ የአሮጊት ብቻ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ለስትሮክ ያጋልጣል፤ አደጋው ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም አይቀርም። አራስን ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት ሲይዛት ወይም ዓይኗ ሲጋረድ «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። በልጅነት በደንብ ካልታከመ ቶንሲል የሚመጣው የልብ ቫልቭ ሕመምም ወጣት ሴቶችን በብዛት ያጠቃል፤ ከልባቸው የሚነሳው የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ከስክሪኑ ፊት ከደረሰች በኋላም ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቋንቋ ነው። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ አገር ነው። ከመንጌ ወይም ከሸርቆሌ ገጠር የመጣች እናት አማርኛ ላትሰማ ትችላለች። ሐኪሙ ደግሞ ንግግሯ ተሳስሮ እንደሆነ ማወቅ አለበት። አስተርጓሚው «እጄ ደነዘዘ ትላለች» ብሎ አሳምሮ ቢያስተላልፍ የሐኪሙ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ የምታስተረጉሙ ልጆች፣ ያለችውን ብቻ ሳይሆን እንዴት አድርጋ እንዳለችውም ንገሩ። «ቃሉ ይጎተትባታል፣ ስም ይጠፋባታል፣ ትናንት እንዲህ አልነበረችም» በሉ።

ሁለተኛው ሐያእ ነው። ሐኪሙ የፊቷን መጣመም ለማየት ኒቃቧ መነሳት፣ የክንዷን መዛል ለማየት እጅጌዋ መሰብሰብ አለበት። ይህ ለሕክምና በሚያስፈልገው መጠን የተፈቀደ መሆኑን ዑለማዎች አስተምረዋል። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ በተተከለው ድንኳን ውስጥ የኸንደቅ ዘመቻ ቁስለኞችን ማከሟን የሲራ ታሪክ ይነግረናል። ቤተሰቡ ሴት ነርስ ከጎኗ እንድትቆም፣ ክፍሉም እንዲዘጋ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ምርመራውን ማዘግየት ግን ሐያእ አይደለም።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም ስልኩን አስቡበት። ክትትሉ በስልክ ሲሆን የሚመዘገበው ቁጥር ብዙ ጊዜ የባል ወይም የወንድ ልጅ ነው። ሐኪም ሲደውል ባለስልኩ ኩርሙክ ገበያ ይሆናል፤ ታማሚዋ ቤት ናት። አጠገቧ የምትውለው ሴት ልጅ ወይም ጎረቤት ቁጥርም ይመዝገብ።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ አደጋ ሳይመጣ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ ይህን ተስማሙ። አባወራው በሌለበት ማን ይወስናል? የማን መኪና ይጠራል? ለዚህ የተቀመጠው ገንዘብ በማን እጅ ነው? ባሎች ሆይ፣ «እኔ ባልኖርም ወዲያው ሂጂ፣ ፈቅጃለሁ» የምትለውን ቃል ዛሬውኑ ተናገሯት። ብቻዋን የምትኖረውን እናት ጧትና ማታ «እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ» የሚላት ይኑር። እንዲህ ከሆነ ደኅና የነበረችበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸውና ስለ ግፊታችሁ ሳታፍሩ አማክሯቸው።

ሕመሙ ሲከሰት ሰዓቱን ጻፉ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ትን ሊላት ስለሚችል ውኃም ምግብም አትስጧት። አስፕሪንም ሆነ የሌላ ሰው የግፊት ኪኒን አትስጧት፤ ደሙ ረግቶ ይሁን ፈስሶ ገና አልታወቀምና። ሒጃማው ለሌላ ቀን ይቆይ። ሩቃውን በመኪና ውስጥ እየሄዳችሁም መቅራት ትችላላችሁ።

አላህ (ሱ.ወ) እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን በጤና ያቆይልን፤ የታመሙትንም ያሽርልን። አሚን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኛለን። ወሰላሙ ዓለይኩም።