የአባቱን ዱላ ለልጁ አትስጡት



ታኅሣሥ ገብቷል። ጤፉ እየታጨደ ሜዳው እየተለቀቀ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ በደብረ ማርቆስ ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች፣ ወደ ስናንና ወደ ጎዛምን ገጠሮች በሚወስዱት መንገዶች ግራና ቀኝ፣ ልጆች ቆልማማ ዱላ ይዘው ሲሯሯጡ ማየት ጀምረናል። በዚህ ሰሞን እናቶች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ይሄን የገና ጨዋታ ልከልክለው ወይ?»

አትከልክሉት። ልጅ መሮጥ አለበት፤ ስልክ ላይ አፍጥጦ ከሚውል ሩር ሲያሳድድ ቢውል እመርጣለሁ። እኔ ግን መልሼ የምጠይቃችሁ አለ፦ ዱላው የማን ነው?

ባለፈው ዓመት በዚሁ ሰሞን አንድ አባት የ10 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። የቀኝ እጁ አንጓ አብጧል። «ማን መታህ?» አልኩት። «ማንም» አለ። አባቱም «እኔንም ግራ ያጋባኝ ይኸው ነው» አሉ። ቀስ እያልን ስንጠይቀው ነገሩ ወጣ። ሩሩን በሙሉ ኃይሉ ሊመታ ሰነዘረ፣ ሳተው፣ ዱላው ደረቁን መሬት መታ። ራጅ ሲነሳ አንጓው አጠገብ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። የልጅ አጥንት የሚረዝመው ጫፍና ጫፉ ላይ ባለው ልስልስ ክፍል ነው፤ እዚያ ላይ የደረሰ ጉዳት በወቅቱ ካልታየ እጁ ተጣምሞ ወይም አጥሮ ሊያድግ ይችላል።

ዱላውን አምጡልኝ አልኩ፤ ውጭ አስደግፈውት ነበር። ወይራ ነው። አያቱ የተጫወቱበት፣ ቅቤና ጭስ ጠጥቶ የጠቆረ፣ የሚያምር ዱላ። በሕፃናት ሚዛን ላይ አስተኛሁት (ነርሷ ሳቀችብኝ)፤ ከ1 ኪሎ በላይ መዘነ። ለማነጻጸር ያህል፣ በዓለም አቀፍ የሜዳ ሆኪ ሕግ ለአገሩ የሚሰለፍ ጎልማሳ እንኳን ከ737 ግራም በላይ የሚመዝን ዱላ መያዝ አይፈቀድለትም።

አባትየው የነገሩኝ ምክንያት የብዙዎቻችሁ ምክንያት ይመስለኛል፦ «ከባዱ ያርቃል ብዬ ነው።»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሁለት ዱላዎች በእኩል ፍጥነት ቢሰነዘሩ ከባዱ ሩሩን የበለጠ ያርቃል። ችግሩ ያለው «በእኩል ፍጥነት» የምትለዋ ላይ ነው። ልጁ ከባዱን ዱላ በዚያ ፍጥነት ማወናጨፍ አይችልም። የምት ጉልበት ደግሞ ከክብደት ይልቅ ፍጥነትን ይወዳል፦ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ። ሌላም አለ። የዱላው ቆልማማ ጫፍ አንዴ ከሩሩ ብዙ ጊዜ ከከበደ በኋላ፣ የምትጨምሩት ክብደት ለርቀቱ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለልጁ አንጓ፣ ክርንና ትከሻ ግን እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል።

ክብደቱ የት ጋ እንደተቀመጠም እዩ። ቤት ውስጥ መዶሻ ካለ መጀመሪያ በእጀታው ይዛችሁ አወዛውዙት፤ ቀጥሎ ገልብጣችሁ ብረቱን ጨብጣችሁ አወዛውዙት። ያው አንድ መዶሻ ነው፣ በሚዛን አልተለወጠም፣ ለእጅ ግን ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። ገና ዱላም እንዲሁ ነው። ቆልማማው ጫፍ ላይ ትልቅ ጉጥ ያለበት ዱላ በሚዛን ቀላል ቢሆን እንኳ ሲሰነዘር ይከብዳል። ስለዚህ ቀጠን ተደርጎ የተጠረበ ጫፍ ምረጡ፤ ጉጥ ለጌጥ አይተውም።

እንደ ሐኪም ግን ከርቀቱ በላይ የሚያሳስበኝ ማቆሙ ነው። ቀላል ዱላ የያዘ ልጅ መሐል ላይ የጓደኛው እግር ሲገባበት እጁን መግታት ይችላል። ከባድ ዱላ የያዘ ልጅ አንዴ ከሰነዘረ በኋላ ዱላው ነው ልጁን የሚጫወተው። በገና ሰሞን የማያቸው የቅልጥም፣ የጥርስና የቅንድብ ጉዳቶች ብዙዎቹ ከጥላቻ የመጡ አይደሉም። ልጁ አይቶታል፤ ማቆም ነው ያቃተው።

ስለ እንጨቱ ደግሞ ሽማግሌዎች ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እኔ የምናገረው ከእጅ አንጻር ነው። ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፣ ለጎልማሳ ይሁን። ክትክታ በቀጭኑም ስለማይሰበር ለልጅ ይስማማል ባይ ነኝ። ባሕር ዛፍ በየጓሮው ስላለ ልጆች እሱን ይቆርጣሉ፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩም መዳፍ ውስጥ ይቀራል። ቀርከሃ ቀላል ነው፣ ሲሰበር ግን እንደ ምላጭ ስለሚሆን ለዚህ ጨዋታ አልወደውም።

ልጁ «እጄን ነዘረኝ» ካለ አትሳቁበት። ሩሩ የዱላውን ትክክለኛ ቦታ ሲያገኘው ድምፁ ጥርት ይላል፣ እጅም አይነዝርም። ከዚያ ቦታ ወጣ ሲል ዱላው ይርገበገባል፣ ርግብግቢቱም በመያዣው በኩል ወደ ጣትና አንጓ ትገባለች። የእኛ ደጋ የታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ሲጨመርበት ሕመሙ ይብሳል። መያዣው ላይ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ጠምጥሙበት። በጣም ቀጭን መያዣ ልጁ አጥብቆ እንዲጨብጥ ያስገድደዋል፤ በጣም ወፍራሙ ደግሞ ከእጁ ያመልጣል። ሲጨብጠው አውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶች ጫፍ ለጥቂት የሚነካ ከሆነ ልኩ ነው።

ጎልፍን ላንሳ። አብዛኞቻችን በቴሌቪዥን ነው የምናውቀው፤ ቆልማማ ዱላ፣ ትንሽ ኳስ፣ ሰፊ ሜዳ፣ የገና የሩቅ ዘመድ በሉት። እዚያ የዱላ ዘንግ እንደ ጫማ በልክ ይመረጣል። ከብረት የሚሠራው ዘንግ እስከ 120 ግራምና ከዚያም በላይ ሲመዝን፣ ግራፋይት ከሚባለው ነገር የሚሠራው 50 እና 60 ግራም የሚሆን አለ። የእጅና የክርን ሕመም ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ቀላሉን እንዲይዙ ይመከራሉ። እኔን የገረመኝ ግን ይህ ነው፦ ጎልፍ ተጫዋቾች ከያዟቸው ዱላዎች ሁሉ ኳሱን እጅግ የሚያርቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ሁለመናው ተደምሮ 300 ግራም ገደማ። ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ለማስገባት በቅርቡ ቀስ ብለው የሚነኩበት ዱላ ከእሱ በብዙ ይከብዳል። «ከባዱ ያርቃል» ላሉኝ አባት ይህን ብነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

እነሱም ቢሆኑ የእኛን ስሕተት ሠርተውታል። ለልጆቻቸው የትልቅ ሰው ዱላ ቆርጠው ያሳጥሩ ነበር። የተቆረጠ ዱላ አጠረ እንጂ ጫፉ አልቀለለም፤ ዘንጉም ሲያጥር ጭራሽ ይደርቃል፣ አይተጣጠፍም። ስለዚህ የአባቱን ወይራ ከላይ ቆርጣችሁ «ይኸው ልክህ» አትበሉት። ለእሱ የሚሆን ሌላ ይፈለግለት።

«ከባድ ዱላ ልጁን ወንድ ያደርገዋል» የሚሉ አሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ ሴቶች ከዳር ቆመን የራቀውን ሩር ከማምጣት በቀር አይፈቀድልንም ነበር (እሱም አንድ ቀን ይጻፋል)፤ ከዳር ሆኜ ግን ብዙ አይቻለሁ። ሜዳውን የሚያስጨንቁት ግዙፎቹ አልነበሩም። ቀለል ያለ ዱላ ይዘው ሩሩን ከእግር እግር መሐል ነጥቀው የሚወጡት ነበሩ።

ልኩን እንዴት ታውቃላችሁ? ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዱላው ከዳሌው አጥንት ብዙ አይለፍ። ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጅ እኔ ብሆን ከግማሽ ሊትር ውሃ ፕላስቲክ የሚበልጥ ክብደት አልሰጠውም። ሚዛን ከሌለ ሌላ ዘዴ አለኝ፤ የጥናት ውጤት ሳይሆን የራሴ ነው። ልጁ በሁለት እጁ መያዣውን ይዞ ዱላውን ከፊቱ ይዘርጋ፤ እስከ አሥር ቁጠሩ። ጫፉ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ታች ከወረደ ይከብደዋል። ከዚያ ሰዎች ራቅ ባሉበት ይሰንዝር፣ መሐል ላይ ድንገት «ቁም!» በሉት። ካላቆመው ያ ዱላ የእሱ አይደለም።

ተጎድቶ ከመጣ አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። አንጓው ወይም ክርኑ አብጦ ከሆነ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። ቀርከሃ ተደርድሮ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ ሲጠቁር፣ በመጨረሻም ሲቆረጥ ማየት ከሙያዬ ሁሉ የከበደኝ ነገር ነው። የታሰረለት ልጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም «አመመኝ» እያለ ሌሊቱን ካለቀሰ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ እሥሩን ፍቱና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀላፋ ወይም ራሱን ስቶ የነበረ ልጅም እንዲሁ፣ ደም ባይወጣውም።

ያ ልጅ እጁ ድኗል። ባለፈው ሳምንት አባቱ መንገድ ላይ አግኝተውኝ ነበር፤ ወይራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ለልጁ ቀጭን ክትክታ እሳት ላይ እያሞቁ ቆልምመውለታል። እኔ ዘንድሮም የገና ዕለት ተረኛ ነኝ።