የተሸፈነው ሁሉ ገመና ነውን?

ከሥራና ከማጀት ተርፋችሁ ይህን ዐምድ ለማንበብ ጥቂት ደቂቃ ላገኛችሁ ሁሉ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የቆየ የቴሌቪዥን ድራማና ድራማው በቤታችን ውስጥ ስላስነሣው ጉዳይ ነው።

ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የጥር ምሽቷ ብርድ ነው። እራት ከተነሣ በኋላ እናቴ፣ ልጄና እኔ በከሰል ምድጃው ዙሪያ እንሰበሰባለን። ከሰሉ የአዊ ገበሬ በማሳው ላይ ከሚያበቅለው ከዲከረንስ ዛፍ የተከሰለ ነው። ዋጋው እንደ ጤፉና እንደ ዘይቱ ስለ ጨመረ በቁጠባ እናነደዋለን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ከመሸ በኋላ ከቤት መውጣትን ትተናል። ስለዚህ ምሽቱ ረጅም ነው።

በዚህ መካከል ነው ከባሕር ዳር የመጣ የወንድሜ ልጅ በፍላሽ ይዞት የነበረውን «ገመና» የተባለውን ድራማ ከቴሌቪዥናችን ላይ ሰክቶ ያሳየን። «ገመና» የደራሲ አዳነች ወልደገብርኤል ሥራ ሲሆን፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበ ተከታታይ ድራማ ነው። ዳንኤል ተገኝን የመሳሰሉ ተዋንያን ተጫውተውበታል። በቤተሰብ መካከል ተደብቆ የኖረ ጉዳይ ቀስ በቀስ ሲገለጥ ያሳያል። ያኔ ሰው ሁሉ ሲያወራለት እኔ በትምህርት ላይ ነበርኩና በቅጡ ሳልከታተለው ቀርቼ ነበር። አሁን በእናትነት ዓይን ሳየው ግን ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። እርሷ ያደገችው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ እየተመለሱ በሚቀርቡት የውጭ ድራማዎች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በተዋንያኑ ስልክና አለባበስ መሳቅ ጀመረች። በሦስተኛው ምሽት ግን ሳቋን ትታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታይ ነበር።

አንድ ምሽት በክፍሉ መካከል መብራት ጠፋ። የምድጃው ፍም ብቻ ቀረ። እናቴ «እንዲያው የሰው ገመና እንዲህ አደባባይ ይወጣል? መሸፈን ነበር ደጉ» አለች። ልጄ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «እማዬ፣ ልጅን የሚጎዳ ነገርም ገመና ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጥያቄው ከድራማው የመጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ኖሯል። አብራት የምትማር አንዲት ልጅ ከክፍል ከቀረች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ልጅቷ ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር ናት። ሠርጓ ከጾም በፊት እንዲሆን ቀን ተቆርጦ «የቤት ገመና ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ተብላለች። ለልጄ ብቻ ነግራ በዝምታ አስምላታለች። ልጄ ይህን ሁሉ ቀን ይዛው ስትንገላታ እኔ ዝምታዋን የፈተና ጭንቀት አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

እናቴ በጨለማው ውስጥ፣ «እኔን በአሥራ አንድ ዓመቴ ሲድሩኝ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ አልተናገረችም። ነገሩን ከእርሷ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግሥቱ ልጅቷ ወደ ተቀመጠችበት ቤት አብራኝ ልትሄድ የተነሣችው እናቴ ናት። ቡና ተፈልቶልን፣ ሁለተኛው ከተጠጣ በኋላ ጉዳዩን አነሣን። የልጅቷ አክስት መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥለው አለቀሱ። «እትዬ፣ ወደን መሰለዎት? ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከረመ፤ መንገዱም አያስተማምን። አባቷ ጉልማሳ ሴት ልጅ ይዞ መቀመጥ አስፈርቶት፣ ባል ቢይዛት ይሻላል ብሎ ነው» አሏት እናቴን። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። እናቴም የራሷን ታሪክ፣ የመጀመሪያ ልጇን በምን ጭንቅ እንደ ተገላገለች ጭምር ነገረቻቸው። እኔ የያዝኩት ሕግ ከዚያ በኋላ ነው የተሰማልኝ።

ሕጉን እናንተም ልታውቁት ይገባል። የፌዴራሉም ሆነ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገው ደንግገዋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ልጅ ያገባውን ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ ያነሰች እንደሆነች እስከ 7 ዓመት የሚደርስ እስራት ነው።

አክስትየው ለአባትየው መልእክት ላኩ። ሽማግሌም ሄደ። ሠርጉ «ለጊዜው» ቀርቷል። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜም እኛ ዘንድ እየመጣች ከልጄ ጋር ታጠናለች። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል እስካሁን እንቅልፍ ትነሣኛለች። ይህን የጻፍኩትም ልጅቷና አክስቷ ፈቅደውልኝ፣ ቤቱን የሚያስለይ ነገር ሁሉ አስቀርቼ ነው።

እኅቶቼ፣ የባልንጀራን ጉድለት መሸፈን የቆየ ደግ ባሕላችን ነው፤ ይኑር። ልጅ የሚጎዳበት ጉዳይ ግን የቤት ገመና ተብሎ ሊሸፈን አይገባም። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ማለታቸው ለዚህ ነው። ልጃችሁ ዝም ካለች ምክንያቱን ገምታችሁ አትለፉ። የጓደኛዋ ወንበር ባዶ ሲሆን ጠይቁ። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙም አስቀድማችሁ የልጅቷን ደኅንነት አስቡ። በቤተሰብ ምክር የሚመለስ ካልሆነ ለትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህር፣ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ አመልክቱ።

ከልጆቻችሁም ጋር አብራችሁ ተቀመጡ። ድራማውም ቢሆን፣ ሽንኩርት መላጡም ቢሆን፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ጎን ለጎን የምትሆኑበት ሰዓት ይኑራችሁ። ልጅ ፊት ለፊት ተጠይቃ ያልመለሰችውን እንዲህ ባለው ሰዓት ራሷ ታወጣዋለች። እኛ ገና የምናያቸው ክፍሎች ይቀሩናል። እናቴም አሁን መብራት ሲመጣ ቀድማ የምትጠራን ሆናለች።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።