የማን ቈጠራ እንደ ሆነ ይነገር



ብዙዎች በኅብረት በሚጽፉት ውክፔዲያ በተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ «ምንጭ ይጠቀስ» የሚለው ሥርዓት በጸሐፊው ጫንቃ ላይ የተጫነ ቀንበር ነው የሚሉ ወገኖች፣ ሥርዓቱ የሚጠይቀውንና የማይጠይቀውን ሳይለዩ የፈረዱ ስለ መሰለኝ፣ ይህችን ደብዳቤ ለአንባብያን ፍርድ ልኬያለሁ።

ሥርዓቱ ዐረፍተ ነገር ሁሉ በምንጭ ይታጀብ አይልም። የሰው ንግግር ቃል በቃል ሲጠቀስ፣ ነገሩም ክርክር ያስነሣ ወይም ሊያስነሣ የሚችል ሲሆን፣ ምንጩ እዚያው ይጠቀስ ይላል እንጂ፣ ደብረ ሊባኖስ በሸዋ የሚገኝ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው ብሎ ለሚጽፍ ሰው ምስክር አምጣ የሚለው የለም። ነገር ግን ያው ጸሐፊ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያዊው ገዥ በግራዚያኒ ትእዛዝ ስለ ተረሸኑት የገዳሙ መነኮሳትና ዲያቆናት ቁጥር ሊናገር ሲነሣ፣ ምስክሩን መጥራት ግዴታው ይሆናል። ግራዚያኒ ለሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም ሟቾቹ 449 ሲሆኑ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ነገሩን የመረመሩት ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ከ1,423 እስከ 2,033 ያደርሷቸዋል። የፊተኛውን ወስዶ፣ ማን እንደ ቈጠረው ሳይገልጽ የሚያልፍ ጸሐፊ የገዳዩን ሒሳብ የታሪክ ፍርድ አድርጎ ያጸድቃል፤ የኋለኛውን ያለ ምስክር የሚያስቀምጥም የሰማዕታቱን ደም ለተጠራጣሪ ክርክር አሳልፎ ይሰጣል። ሁለቱንም ከነባለቤታቸው ማቅረብ ይገባዋል።

ይህን የባዕድ ልማድ ነው የሚሉም አሉ። የእኛ የትርጓሜ መምህራን ግን ቃሉን ሲያብራሩ «እንዲል» ብለው ወደ ተወሰደበት መጽሐፍ ሲመልሱት፣ ምሥጢሩም ሲለያይ «አንድም» እያሉ ሁሉንም ሲያቀርቡ ኖረዋል።

በሕይወት ስላለ ሰው ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል። በ1997 ዓ.ም. ጆን ሲገንታለር የተባሉት አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው እንደ ነበር የሚናገር ሐሰት ያለ አንዳች ምንጭ በውክፔዲያ ላይ ተጽፎ አራት ወር ያህል ቈይቷል። እንዲህ ያለው ነገር «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ሊቈይ አይገባም፤ ወዲያው ይሰረዝ። ስለ ጥንት ዘመን የተጻፈና ማንንም የማይጐዳ ቃል ግን ምልክቱ ተደርጎበት አዋቂ እስኪመጣ ቢጠብቅ አልቃወምም።

ምንጩም የግድ በኢንተርኔት የሚገኝ መሆን የለበትም። በአማርኛ የታተመ፣ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ያለ የታመነ መጽሐፍ፣ ደራሲው፣ የታተመበት ዓመትና ገጹ ከተጠቀሱለት ይበቃል፤ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በቤታቸው ያሏቸው አንባብያን ገጹን እየፈለጉ እንዲጽፉ በትሕትና እለምናለሁ።


አንድ አንባቢ