የነቀልነውን ማን ይጠብቀዋል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ዘመቻ በታወጀ ቁጥር ይህ አባባል ይጠቀሳል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው ሎሚውን እስከ ግማሽ መንገድ ተሸክሞ፣ እዚያው ጥሎት ወደየቤቱ ቢበተንስ? ዛሬ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ልናነሳው የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው። ጉዳያችን የጣና ሐይቅ እምቦጭና እሱን ለመንቀል ውሃ ውስጥ የሚገባው በጎ ፈቃደኛ ሕዝብ ነው።

ነገሩ የተነሳው በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ነው። ከመካከላችን አንዱ ከፎገራ፣ ከሐይቁ ዳር የመጣ ነው። አንድ ማታ ስለ አገሩ ሲያጫውተን፣ ሌላው ጓደኛችን ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ «ኧረ ተው ባክህ! ጣና የት፣ እንጅባራ የት? እኛን ምን አገባን?» አለው። ሳቅን። የፎገራው ልጅ ግን አልሳቀም። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ይህንን ጽሑፍ የጻፍነው ከዚያ ክርክር በኋላ ነው።

በመጀመሪያ እምቦጭ ምንድን ነው? የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሐምራዊ አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ብዙ አገሮች የገባውም በውበቱ የተነሳ ሰዎች ለጌጥ እየወሰዱት ነው። ወደ አገራችን አዲስ እንግዳ አይደለም። በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ይታወቃል። በጣና መታየቱ በይፋ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በተለይ የተስፋፋው በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ሥሩ መሬት ሳይነካ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እናቲቱ ተክል በጎን በኩል ልጆች ታወጣለች፤ ልጆቹም በተራቸው ይወልዳሉ። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይህም አልበቃ ብሎ ፍሬው ከሐይቁ ጭቃ ሥር ተቀብሮ ሃያ ዓመት ያህል ሳይሞት መቆየት ይችላል። ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃንና አየር ይከለክላል። ዓሣው ይርቃል፣ ታንኳ መንቀሳቀስ ያቅታታል፣ ከብት ውሃ መጠጫ ያጣል። ጣና ደግሞ በሌላ በየትም ዓለም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው።

ይህንን ጠላት ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አላየውም። የሐይቁ ዳር ገበሬ፣ ተማሪው፣ የከተማው ሰው በየጊዜው እየተጠራራ በእጁ ነቅሏል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር የታወጀው ትልቅ ዘመቻ ሲጀመር በርካታ ሕዝብ ወጥቷል። ማሽንም ተገዝቷል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ገንዘብ አዋጥተው ልከዋል። ይሁንና ማሽን ይበላሻል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ጥልቀት በሌለው ረግረግ ውስጥም እንደልቡ አይገባም። እዚያ የሚገባው እግርና እጅ ነው።

የፎገራው ጓደኛችን እንዲህ ሲል ነገረን፦ «አባቴ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይነቅላል። እኛ ልጆቹ ተቀብለን ወደ ዳር እንጎትታለን። ማታ ቤት ስንገባ ገላችንን ያሳክከናል፤ አልቅትም ከእግራችን እንለቅማለን። እባብ ይኖርበታል ብለን እየፈራን ነው የምንገባው። ይኼ ሁሉ ምንም አልነበረም። የሚያናድደው ከክረምት በኋላ ስንመለስ ቦታው እንዳልተነካ አረንጓዴ ሆኖ ማየቱ ነው።»

ታዲያ ጥፋቱ የማነው? የነቃዩ ነው? በፍጹም አይደለም። በእኛ አስተያየት ስሕተቱ ሥራውን እንደ በዓል መቁጠራችን ነው። ሕዝቡ በአንድ ቀን ይወጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ አረሙ ይነቀላል፣ ከዚያ ሁሉም ይበተናል። አረሙ ግን በዓል አያውቅም። በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆንን ነገር በዓመት አንድ ጊዜ መንቀል ወንፊት ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የተነቀለው ክምር ከውሃው ዳር ከተተወ ዝናብና ማዕበል መልሶ ይወስደዋል። ተበጥሶ የቀረ ቁራጭም ራሱን ችሎ ይበቅላል።

ሌላም ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። እምቦጩ በብዛት የሚታየው ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ሲሞላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። የፎገራ ገበሬ የሩዝ አዝመራ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያው ተከትሎ ነው። «ነገ ለዘመቻ ውጡ» ሲባል ገበሬው የሚተወው ሥራ የዓመት ቀለቡ ነው። በጎ ፈቃድ ማለት በፈቃድ መስጠት እንጂ ስም ተጠርቶ፣ የቀረ ይቀጣል ተብሎ መውጣት አይመስለንም። ሕዝቡ በልቡ አምኖበት እንዲመለስ ከተፈለገ ጓንትና ቦቲ ጫማ፣ የተሰናዳ ተራ፣ የሥራው ውጤትም ተመልሶ ሊነገረው ይገባል።

ከሌሎች አገሮችም የምንማረው አለ። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 የሸንኮራ አገዳን የሚበላ ጢንዚዛ ያጠፋል ተብሎ መርዛም ጉርጥ ከሃዋይ አመጡ። የጉርጧም የመጀመሪያ አገር እንደ እምቦጩ ሁሉ አሜሪካ ነው። ያመጧቸው መቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ጢንዚዛውን አላጠፉም፤ እነሱ ግን ተራብተው አገር ሞሉ። የሚበላቸው እንስሳ በመርዛቸው ይሞታል። እዚያም መንደርተኛው ባትሪ ይዞ በሌሊት እየወጣ ጉርጥ በከረጢት ይለቅማል፤ ጭራቸው ያልወደቀላቸውን ልጆቻቸውንም ከኩሬ ያጠምዳል። በዚህ ብቻ ጉርጡን ከአገር አላጠፉትም፤ ወደ ምዕራብ መስፋፋቱንም አላቆሙትም። በየአካባቢው ቁጥሩን የቀነሱት ግን ሳይታክቱ እየተመላለሱ ነው። መጀመሪያ የተማሩትም መለየትን ነው፤ ምክንያቱም ሳያውቁ የአገራቸውን ምስኪን እንቁራሪት የገደሉ ነበሩ። እኛም ዘንድ ደንገሉንና ሌላውን ጠቃሚ የውሃ ተክል ከእምቦጩ ጋር ጠራርጎ ማጥፋት እንዳይመጣ መጠንቀቅ ይኖርብናል።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እምቦጩን ብቻ የሚበላ ትንሽ ጢንዚዛ አምጥተው ለቀቁበት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አረሙ በጣም ቀነሰ። «ጢንዚዛ ይምጣና እንገላገል» የሚሉ አሉ። በሳይንስ መንገድ ተጠንቶ ከሆነ እኛም አንቃወምም። ግን የጉርጧን ታሪክ እያስታወስን መሆን አለበት። በቪክቶሪያም ቢሆን አረሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ጥበቃው አልቆመም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ፦ እኛን አዊዎችን ምን አገባን? ያገባናል። በዳንግላ ዙሪያ ያሉት ወንዞቻችን ወደ ግልገል ዓባይ ይገባሉ፤ ግልገል ዓባይም ከጣና ገባሮች ሁሉ ትልቁ ነው። በሐምሌ ወንዙ ቡና መስሎ ሲወርድ ያየ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ አይጠፋውም። የእርሻችንን አፈር ነው። ከአፈሩ ጋር ማዳበሪያው አብሮ ይሄዳል፤ እኛ ለጤፋችንና ለበቆሎአችን የበተንነው ማዳበሪያ ለእምቦጩም ምግብ ይሆነዋል። እርግጥ አረሙ የበረታው በማዶ ነው፤ ወንዛችን የሚገባው በደቡብ ነው። ሆኖም ሐይቅ በአጥር አይከፈልም። ነፋስ አረሙን እየገፋ ከዳር ዳር ይወስደዋል። ስለዚህ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ገበሬው በነጻ ጉልበቱ የሚሠራው እርከን የማሳ ሥራ ብቻ ሳይሆን የጣናም ሥራ ነው። እዚህ አፈር ያቆመ ሰው እዚያ እምቦጭ እንደነቀለ ይቆጠራል። እዚሁ አጠገባችን ያለውን የዘንገናን ሐይቅም አንርሳው። አንድ ሰው ያቺን ሐምራዊ አበባ ለጌጥ ይዞ መጥቶ ቢጥልበት፣ ያኔ ማን ነው የሚነቅለው?

ሌላውን ስንነቅፍ ግን ራሳችንን መርሳት አይገባንም። ባለፈው ሐምሌ ከመኝታ ቤቶቻችን ጀርባ ችግኝ ተክለን ነበር። እየዘፈንን ተከልን፣ ጭቃ እንደሆንን ፎቶ ተነሳን። ጥር ሲገባ ግማሹ እንኳ አልቀረም፤ ገሚሱን ከብት በላው፣ ገሚሱ በውሃ ጥም ደረቀ። ባልዲ ይዞ ዞር ብሎ ያየው ከመካከላችን ማን ነው? እውነቱን ለመናገር ማንም አልነበረም። የጣናው ዘማች «ተክላችሁ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ የለንም።

ስለሆነም ለሠልጣኝ ጓደኞቻችንና ለተከበሩ መምህሮቻችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለመምህርነት ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ስንወጣ እያንዳንዳችን ስለ እምቦጭ አንድ ክፍለ ጊዜ እናስተምር። ሥዕሉን በካርቶን ላይ ሠርተን፣ በአውንጊም በአማርኛም አስረድተን፣ ሕፃናቱ ገና ከሩቅ ሲያዩት እንዲለዩት እናድርግ። ሁለተኛ፣ ከዚህ በኋላ ለማንኛውም የበጎ ፈቃድ ሥራ ስንጠራ ከመውጣታችን በፊት «መቼ ነው የምንመለሰው?» ብለን እንጠይቅ። የመመለሻ ቀን የሌለው ዘመቻ ዘመቻ አይባል። ሦስተኛ፣ ከደረቁት ችግኞቻችን እንጀምር። በክፍል በክፍል ተከፋፍለን የውሃ ማጠጫ ተራ እናውጣ፤ የተራው ስም ዝርዝር እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ተራውን ያላደረሰም ስሙ ይታይ። የእኛም ስም ጭምር።

«ትንሽ ነገር ናት» የሚለን ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ ትንሽ ናት። እምቦጩም ጣና ሲገባ ትንሽ ነበር። የፎገራው ጓደኛችን አባት በሚቀጥለው ጥቅምት እንደገና ውሃው ውስጥ መግባታቸው አይቀርም። እኛ ነገ መምህራን የምንሆን ሰዎች፣ አንድ ባልዲ ውሃ ተሸክመን ሃምሳ እርምጃ መሄድ ካቃተን፣ ለልጆች ስለ ጽናት ምን ብለን ልናስተምር ነው? የመጀመሪያው ተራ የፊታችን ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ነው። ባልዲ ያለው ባልዲውን ይዞ ይምጣ።